የሐና እንባና የመካንነት ሐኪም፦ ከጂንካ የተደረገ ምልከታ



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ጂንካ አንዲት እህት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ልታነጋግረኝ መጣች። ባሏ ከውጭ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም። ከተጋቡ ሰባተኛ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። በእጇ ትንሽ ደብተር ይዛ ነበር። ስትከፍተው ቀን፣ የአገልጋይ ስም፣ የተነገራትም ትንቢት በተራ ተጽፏል። አምስት ትንቢት ቆጠርሁ። አራቱ የተባለላቸው ጊዜ አልፏል። ከአራቱ አንዱ የእኔ ነበር። በአንድ የጸሎት ምሽት በዓመቱ ልጅ እንደምትታቀፍ በጉባኤ ፊት ተናግሬ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እርሷ ግን ቀኑን ጽፋ ይዛዋለች።

«ሐኪም ዘንድ ሄዳችኋል ወይ?» አልኋት።

«እኔ ሄጃለሁ ፓስተር። እርሱ ግን አልተመረመረም። እናቱ ሌላ ሴት እንዲያገባ ይጎተጉቱታል።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ደብተር ነው። (ታሪኩን ባልና ሚስቱ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።) በአገራችን የመካንነት ሕክምና የሚባል ነገር በቅርብ ዓመታት ሥር ይዟል። ሐኪሞች አሉ፤ ማዕከል አለ፤ ዕውቀቱ አለ። በቤተ ክርስቲያን ግን ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ወይ ትንቢት ብቻ፣ ወይ ዝምታ ብቻ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ይህ ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል አብረን እንመልከት።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን ሲተረጉም፣ ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወርና ከዚያ በላይ አብረው ኖረው እርግዝና ካልተገኘ ነው ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 17.5 በመቶ፣ ማለትም ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል፣ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ይገጥመዋል። ብዙዎቻችን ችግሩ ዘግይተው የሚያገቡ የሀብታም አገር ሰዎች ይመስለናል። በዚያው ሪፖርት ግን የሀብታሞቹ አገሮች ቁጥር 17.8 በመቶ፣ የመካከለኛና የዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 16.5 በመቶ ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚለየው ሕክምናው ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተረሳበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች። እንዲህ ባለ አገር መንግሥትም ለጋሾችም ያተኮሩት በቤተሰብ ምጣኔ፣ እናቶችን ከሞት በማዳንና ሕፃናትን በመከተብ ላይ ነው። ይህ ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙ ልጅ በሚወለድበት መንደር ልጅ የሌላት ሴት ብቸኝነቷ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ጎረቤቷ ሁሉ «የእገሌ እናት» ተብላ ስትጠራ እርሷ በራሷ ስም ብቻ ትቀራለች።

የመካንነት ሐኪም እንዴት ይሆናል?

ለዚህ ሙያ አጭር መንገድ የለውም። በመጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና ይማራል። ቀጥሎ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል፤ ይህ በአገራችን አራት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰብ ስፔሻሊቲ ወደሚባለው የሚገባው። በዚህ ደረጃ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንቁላል እንዴት እንደሚበስል፣ የተዘጋ የማህፀን ቱቦ እንዴት እንደሚታይ፣ ጽንስ ከሰውነት ውጭ እንዴት እንደሚያድግ ያጠናል። በአሜሪካ አንድ ሰው ኮሌጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይህን ሁሉ ለመጨረስ 15 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ሐኪሙም ብቻውን አይሠራም። ከጎኑ ኤምብሪዮሎጂስት የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። እንቁላሉንና የወንዱን ዘር በአጉሊ መነጽር ሥር የሚያገናኘው፣ ሙቀቱንና አየሩን ሌት ተቀን የሚጠብቀው እርሱ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጨነቀውም እርሱ ነው።

ከእኛው አገር የወጡ ሐኪም

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን መካከል ፕሮፌሰር ሰናይት ፍሥሐ አንዷ ናቸው። በኢትዮጵያ ተወልደው በአሜሪካ የተማሩ ሲሆን፣ በሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንም ሕግንም አጥንተው በሁለቱም ዲግሪ ይዘዋል። ቀጥለው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲያቸውን፣ ከዚያም የመካንነትና የሆርሞን ሕክምና ፌሎውሺፓቸውን ጨረሱ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተምረው የዘርፉ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደርሰዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ደህና ሥራ፣ ደህና ደመወዝ፣ በሰው አገር የተከበረ ስም። እርሳቸው ግን ዩኒቨርሲቲያቸውን ከአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጋር አገናኙ። በ2010ሮቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. የሚሺጋን መምህራን እየመጡ፣ የእኛ ሐኪሞች እየሄዱ የማህፀንና ጽንስ ትምህርት ተጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡም የምርጫ ዘመቻቸውን የመሩት እርሳቸው ነበሩ።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር ሰናይት የመሠረቱት የሥልጠና ማዕከልም ሆነ በኋላ የዓለም አቀፍ ፕሮግራሞችን የመሩበት የሱዛን ቶምፕሰን ቡፌት ፋውንዴሽን ከቤተሰብ ምጣኔ በተጨማሪ በጽንስ ማቋረጥ አገልግሎት ላይም የሚሠሩ ናቸው። እነርሱ ይህን የሚያደርጉት ሴቶች አደገኛ በሆነ መንገድ ጽንስ ሲያስወርዱ እንዳይሞቱ ነው ይላሉ። እኔና ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚህ አንስማማም፤ ሕይወት ከጅምሩ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብለን እናምናለን። ይህ ልዩነት ግን የተሠራውን መልካም ሥራ ከማየት አይከለክለንም። በአንዱ ስላልተስማማን ሌላውን አንካድ፤ በአንዱ ስላመሰገንንም ሌላውን አንሸፍን።

ለድሆች የተሠራው ሆስፒታል

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ለድሆች ሕክምና ተብሎ ሲሠራ የጀርመን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እጇ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ሆስፒታል ሥር የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሰው ወደ ታይላንድ፣ ወደ ህንድ ይበር ነበር። አቅም የሌለው ደግሞ ጠበል ለጠበል፣ ጉባኤ ለጉባኤ ይዞር ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ በግል የሚሠሩም አሉ።

ሕክምናው ምን ይሠራል?

አይ ቪ ኤፍ የሚባለው ዘዴ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሌስሊ ብራውን የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ልጇን ሉዊዝን ወለደች። ሥራውን ያደረጉት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ነርሷ ጂን ፐርዲ ነበሩ። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ግን ያንን ቀን ሳያዩ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የተወለዱ ልጆች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴቲቱ ለአሥር ቀን አካባቢ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች፤ በአንድ ወር አንድ ይበስል የነበረው እንቁላል ብዙ ሆኖ እንዲበስል ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ እንቁላሎቹን በቀጭን መርፌ ያወጣል። በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ። የባል ዘር ደካማ ከሆነ አንዱን ዘር በቀጥታ ወደ እንቁላሉ የማስገባት ዘዴ አለ። ጽንሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካደገ በኋላ ወደ ማህፀን ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። አንዳንዴ ደስታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያው ሙከራ አይሳካም። የሴቲቱ ዕድሜ ከ35 ሲያልፍ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ከ40 በኋላ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። እርግጠኛ ቃል የሚሰጣችሁ ሐኪም ካገኛችሁ ከሐሰተኛ ነቢይ እኩል ተጠንቀቁት።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ልጅ ያጣ ሁሉ አይ ቪ ኤፍ አያስፈልገውም። እንቁላል በጊዜው ለማይበስልላት ሴት የሚዋጥ ኪኒን ሊበቃት ይችላል። የሆርሞን መዛባት ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለዚህ ነው ምርመራው ከሕክምናው የሚቀድመው።

ከጂንካ ሲታይ

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከጂንካ አዲስ አበባ በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አይ ቪ ኤፍ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ለሳምንታት መመላለስ፣ ቤት መከራየት፣ ከሥራ መቅረት አለበት። መድኃኒቱ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም በየሱቁ አይታችሁታል። ለአሪ ገበሬ ወይም ከዲመካ፣ ከቱርሚ ለሚመጣ አርብቶ አደር ይህ መንገድ ሩቅ ነው።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አዲስ አበባ ድረስ አያስኬዱም።

አንደኛ፣ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጋው ችግሩ ከባል በኩል ነው፤ ወይም ከሁለቱም ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ከሁሉ የሚቀልና የሚረክስ ነው፤ መርፌም ቢላም የለውም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብና ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ይደገማል። ሆኖም ሚስት አምስት ዓመት ስትመረመር ባል አንድ ቀን ያልተመረመረበትን ቤት ስንት አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ጊዜ አታባክኑ። ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ከ35 በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ ሐኪም ማየት ይገባል። ለሰባት ዓመት ትንቢት መጠበቅ የሰባት ዓመት ዕድሜ ማባከን ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ከአባካኞቹ አንዱ ስለነበርሁ ነው።

ሦስተኛ፣ መከላከል። በእኛ አካባቢ የማህፀን ቱቦ ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ ያለ ምልክት ተቀምጠው ቱቦውን ያበላሻሉ። ንጽሕና በጎደለው ወሊድ ወይም ውርጃ የሚመጣ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። አንድ ወልዳ ሁለተኛ ያጣች ሴት ብዙ ጊዜ ታሪኳ ከዚህ ነው። ስለዚህ በጤና ተቋም መውለድ፣ በትዳር መታመን፣ ሕመም ሲሰማ ቶሎ መታከም ለነገ ልጅ መጠንቀቅ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ

ሕክምናው ለሕሊና የሚከብዱ ጥያቄዎች አሉት። ብዙ እንቁላል ሲወጣ ብዙ ጽንስ ሊገኝ ይችላል። የተረፈው ምን ይሆናል? በቅዝቃዜ ይቀመጣል? ለስንት ጊዜ? ይጣላል? የጽንስን ክብር ለምናምን ለእኛ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሦስተኛ ሰው ዘር ወይም እንቁላል መጠቀምስ? በአንድ ጊዜ ስንት ጽንስ ይገባል? መንታና ሦስት እርግዝና ደስ ቢልም ያለ ጊዜ መወለድን ያበዛል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ባልና ሚስት መጀመሪያ ተነጋግረው ይጸልዩ፤ ከዚያም ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ። በሁለቱ በራሳቸው ዘርና እንቁላል ብቻ መሥራት ይቻላል። በማህፀን የማይቀመጥ ትርፍ ጽንስ እንዳይኖር ጥቂት እንቁላል ብቻ እንዲዳብር መጠየቅም ይቻላል፤ የመሳካት ዕድሉን ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ሕሊናን ያሳርፋል። ጥሩ ሐኪም እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይንቅም። ይህን መንገድ የመረጠውን ወንድም ደግሞ እምነት እንደጎደለው አድርጋችሁ አትዩት። ሉቃስ ሐኪም ነበረ (ቆላ. 4፥14)፤ ጳውሎስም ሙያህን ተው አላለውም።

በአንድ ምድር ሁለት ለቅሶ

ወገኖች፣ ስለ ደቡብ ኦሞ ሲጻፍ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከሐመር፣ ከበናና ከካሮ ወገኖቻችን ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ኖሯል። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ወይም የሽማግሌዎች ምርቃት ሳይደረግ የተጸነሰ ሕፃን እርግማን ያመጣል ተብሎ ይጣል ነበር። የካሮ ሽማግሌዎች ይህን ልማድ በ2012 እ.ኤ.አ. በይፋ አስቀርተዋል። ለዚህም የአካባቢው ተወላጅ የሆነው ላሌ ላቡኮ ብዙ ደክሟል፤ ከሞት የተረፉ ልጆችም እዚሁ ጂንካ አድገዋል።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ምድር አንዲት እናት ልጇን ከእቅፏ ሲነጥቋት ታለቅሳለች፤ ሌላዋ ደግሞ የምታቅፈው አጥታ ታለቅሳለች። ኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መስጠትን በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከልክላለች። ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆች ቤት የሚያገኙት ከእኛው ዘንድ ነው። ጉዲፈቻ ለመካን የሚሰጥ ማጽናኛ ብቻ አይደለም፤ የወለደም ያልወለደም የተጠራበት ሥራ ነው። ልጅ ያጡትን ብቻ «ለምን አታሳድጉም?» እያልን ቁስላቸውን አንንካ። እኛ ሦስት አራት የወለድነውስ ለምን አላሳደግንም?

ለአገልጋዮች

ሐና በመቅደስ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው (1ኛ ሳሙ. 1)። ስህተቱን የሚያስተምረን ዔሊ ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ ሳይጠይቅ ስለፈረደ ነው። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። አንዷን «ኃጢአት ይኖርባታል» እንላለን፤ ሌላዋን «የአባቶች እርግማን ነው» እንላለን። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ግን ጻድቃን ሆነው ሳለ ልጅ አልነበራቸውም (ሉቃ. 1)። ልጅ ማጣት የኃጢአት ማስረጃ አይደለም።

በሠርግ ላይ «ውለዱ ክበዱ» ብለን እንመርቃለን፤ መልካም ምርቃት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ «መቼ ነው የምታበስሩን?» እያልን የምንጠይቀው ምርቃት አይደለም። ሕፃናት ለጌታ በሚሰጡበት እሑድ ከኋላ ወንበር ተነሥታ በዝግታ የምትወጣውን እህት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እርሷም ጸልዩ፤ ስሟን ሳትጠሩ።

ትንቢትን አልቃወምም። እግዚአብሔር ዛሬም መካንን እናት ያደርጋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እርሱ ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ከባድ ነገር ነው፤ የሚከፍሉበትም የተናገርነው እኛ ሳንሆን ደብተር የያዙት ናቸው።

ያን እሑድ ባልየውን ጠርቼ አስገባሁት። በሁለቱም ፊት የተናገርሁት ከራሴ እንደነበረ ነግሬአቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባልየው «እኔም ልመርመር» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ተመረመረ፤ ተደግሞም ታየ። ችግሩ ከእርሱ በኩል ነበር። ወደ እናቱ ቤት ሄዶ ራሱ ነገራቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሁለተኛ ሚስት ያነሣ የለም።

እስካሁን ልጅ አልወለዱም። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄደው ተመልሰዋል፤ የቤት ለቤት ኅብረታቸው ለመጓጓዣው ገንዘብ አዋጥቷል። ደብተሯ አሁንም አለ። አሁን የተጻፈበት የሐኪም ቀጠሮና የመድኃኒት ሰዓት ነው። ከቀጠሮው ቀን በፊት እየደወለች ቀኑን ትነግረኛለች፤ እኔም እጸልያለሁ። ቀን ግን አልቆርጥላትም።